ከጥቁሩ መጋረጃ ጀርባ ፔዳል ስለረገጡ እግሮች

ለክቡር አቶ ጌታሁን፣
የ«አረንጓዴ ሃፍላ» የሙዚቃ ድግስ አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ዐማራት፣ ካርቱም

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነአየር ማቀዝቀዣዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከጉልበቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ጽፌ በማታ ትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ ባለፈው ክረምት ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነበር፣ ዛሬ ግን ከክፍሉ አንደኛ ስለሆንኩ እርስዎን ለመክሰስ ጸሐፊ አላስቸግርም።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ከባሕር ማዶ የመጣው የሮክ ባንድ ካገር አገር ሲዞር አየሩን እንዳያጨስ አስበው፣ ባለፈው ዓርብ ጀሪፍ ሰፈር፣ ወንዝ ዳር መብራቱን ከፀሐይ፣ የድምፁን ኤሌክትሪክ ከብስክሌት እንዲያገኝ አድርገዋል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ይህን ስል አላሾፍኩም። ከማዮ ሰፈር የሄድነው ልጆች በቆሙ ብስክሌቶች ላይ ሆነን ፔዳል ስንረግጥ ድምፁ ነጎድጓድ ሆነ። እኔማ ጀርባዬን ልከክ ብዬ ትንሽ ስዘገይ ጊታሩ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይነፋነፍ ነበር፤ ጓደኞቼ ይመሰክራሉ።

ቅሬታዎቼ ግን እነሆ፦

፩ኛ. በእኛና በሕዝቡ መካከል ጥቁር መጋረጃ ስለጋረዱልን እናመሰግናለን። ምክንያቱን ስንጠይቅ ጠባቂዎ ኦመር፣ «ያላ፣ ቶሎ ርገጡ! ሙዲሩ ላብ ፎቶ ላይ አያምርም ብሏል» አለን፤ ሙዲር የሚለው አለቃውን እርስዎን ነው። የእርስዎን ላብ አይተን ስለማናውቅ ልንከራከር አልቻልንም።

፪ኛ. ለእንግዶችዎ መጠጥ ማቀዝቀዣ ጄኔሬተር ስላስነሡም እናመሰግናለን። ጭሱ በመጋረጃው ሥር እየገባ ሲጎበኘን አመሸ፤ አየሩን ልናድን እየረገጥን በዚያው አየር ሳልን።

፫ኛ. የምታቃጥለው ይህች ናት። ላገባት ያሰብኳት ዮርዳኖስ ከአክስቷ ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ጋር መጥታ ነበር። ድምፁ ከእኔ እግር እንደሚወጣ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ትንሽ አሳምሬም ይሆናል። ሲፈልጉኝ አምሽተው አክስቲቱ እርስዎን ቢጠይቁ፣ «እትዬ፣ እዚህ ፔዳል የሚረግጥ ሰው የለም፣ ሁሉም ከውጭ የመጣ ማሽን ነው» ብለው በፈገግታ ሸኟቸው። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ የውሸታም ሽማግሌ ደጄን አይረግጥም ብለዋል። ለመጪው እሑድ የለመንኳቸው ሽማግሌዎችም ነጠላቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል።

እኔ ቂም አልያዝኩም፤ ቂሙ ነው እኔን የያዘኝ። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፣ የሐሙሱ ሁለተኛ ሃፍላ ከመጀመሩ በፊት መጋረጃው እንዲነሣ፣ ለወይዘሮ የሻሽወርቅም ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸው እውነቱ በማይክሮፎን እንዲነገራቸው ነው። ይህ ካልሆነ፣ ሕዝቡ ሁሉ ስልኩን አብርቶ አብሮ በሚዘፍንበት በዚያ ዘፈን መሐል፣ ኢንሻአላህ፣ እግሮቻችን በአንድ ላይ ያርፋሉ። ያን ጊዜ ይቅርታ ልጠይቅ ብለው ማይክሮፎን እንዳያነሡ አደራ፤ እሱም የሚናገረው በእኛ እግር ነው።

ጤናዎን ይስጥልኝ፣ ጉሮሮዎንም ያበርታልኝ፤ ሐሙስ ሳያስፈልግዎ አይቀርም።

ለክቡርነትዎ ጎንበስ ብሎ፣ ብስክሌት ላይ ሌላ አቀማመጥ የለምና፣
ውብሸት፣ ከማዮ

ማስታወሻ፦ ጄኔሬተሩን ወደ መድረኩ ላዙረው ብለው እንዳይደክሙ። ከእንግዶች ድንኳን ኋላ በሰሌን ተሸፍኖ መቀመጡን ከእርስዎ ሰዎች ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን ይህን ያነበበ ሁሉ ያውቃል፣ ድምፁ ከዚያ ከመጣም አረንጓዴነትዎ ውሸት መሆኑ ይገባዋል። የዚህን ደብዳቤ ቅጂም ዮርዳኖስ አስተርጉማ፣ ባንዱ ላረፈበት ሆቴል ዛሬ ጠዋት አድርሳለች። እሷ እኔን ለማመን ማይክሮፎን አላስፈለጋትም።