በአንቺ ቦታ የተቀመጠችው ልጅ

ይድረስ ለእህቴ ለአስካለ፣

እታለም፣ ሰላምታዬን ከማቅረቤ በፊት ክስ አለኝ። አምስት ድስት ትተሽልን ሄድሽ፤ ክዳኑ ግን አራት ነው። ቤቱን ሁለት ጊዜ አገላብጬ ፈትሻለሁ። አልጋ ሥር ገብቻለሁ፣ ዶሮ ቤቱንም ሳይቀር አይቻለሁ። ሰው እንዴት አምስት ድስት በአራት ክዳን ይህን ሁሉ ዓመት ያስተዳድራል? አንቺ በነበርሽ ጊዜ በዚህ ቤት ክዳን ጎደለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አሁን ሽሮው በተንተከተከ ቁጥር እየተፈናጠረ የጓዳውን ግድግዳ ቀለም ቀይሮታል። ይህን አቤቱታ ለማን ላቅርብ? የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው።

ውሸቴን ነው። ናፍቀሽኝ ነው የጻፍኩት።

ከተለየሽን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የበርበሬ ሱቅሽ አልተዘጋም፤ ቤቲ ትይዘዋለች። እኔም የስልክ መጠገኛ ጠረጴዛዬን ከመናኸሪያው ጎን አንሥቼ ሱቅሽ ውስጥ አንድ ጥግ ይዣለሁ። ስልክ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ እያስነጠሰ ነው የሚመለሰው። አንዱ ደንበኛማ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ "ጋሼ፣ ስልኬ ያቃጥላል እኮ!" ብሎ ተመልሶ መጣ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ በዚያው ሱቅ፣ በርበሬ ከምትጠቀልዪበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነውና አጻጻፌም ቢያቃጥልሽ አትፍረጂብኝ።

ይልቅ ስለ ቤቲ ልጻፍልሽ። ሌላው ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ልጅሽ ሃያ አራት ዓመት ሞላት። እንደምታውቂው ከጉብሬው ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ በመጣች በሁለተኛው ወር ነው አንቺ የተኛሽው። ሁለት ዓመት አስታመመችሽ። እሷ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ስትሰጥ አብሮ አደጎቿ አንድ በአንድ ሄዱ። አንዷ ወልቂጤ አስተማሪ ሆነች፣ አንዷ ሐዋሳ አገባች፣ የቀሩት አዲስ አበባ ገቡ። አንቺን ቀብረን ቀና ስትል በሰፈሩ ውስጥ በእሷ ዕድሜ ያለ አንድም ሰው አልቀረም።

ቀጥሎ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። በአርባሽ ማግስት የማርያም ማኅበርሽ ሴቶች ተሰብስበው መጡ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያቸው እማማ ወርቄ እንደ ዳኛ ተቀምጠው፣ "የአስካለ ቦታ ባዶ አይቀርም። ልጅቷ ትተካት" አሉ። ቤቲ ገና አፏን ሳትከፍት እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ "ትተካለች እንጂ! ከእናቷ የተሻለ ጠላ ትጠምቃለች" አልኩ። ለሳቅ ብዬ ነበር። ሴቶቹ ግን እልል አሉ። እልል ከተባለ በኋላ ደግሞ ቀልድ ነው ማለት እንደማይቻል ታውቂያለሽ።

ይኸው ዓመቱን ሙሉ፣ ወር በገባ በሃያ አንድ፣ ከአሥራ አንድ ባልቴቶች ጋር ትቀመጣለች። ይወዷታል፤ ከእሷ እጅ ካልሆነ ጽዋ አንቀበልም እስኪሉ ድረስ ይወዷታል። ወሬያቸው ግን ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አማችና ጉልበት ነው። አንድ ቀን ከማኅበር ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች "ጋሼ፣ የእኔ ጓደኞች እኮ ሁሉም ጉልበታቸውን ነው የሚያማቸው" አለችኝ። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። እኔ ሳቄን ሳልጨርስ ግን እሷ ቀድማኝ ጨርሳ ነበር።

ገዢ በጠፋ ሰዓት ስልኳን ታያለች። የልደት ኬክ፣ የሐይቅ ዳር ሽርሽር፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ የለበሱ አምስት ሚዜዎች። "ከአምስቱ ሦስቱ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ናቸው" ብላ አሳየችኝ። ቀጥላም ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ፣ "ምን አጥፍቼ ነው ግን ማንም የማይጠራኝ?" አለች።

እኔም ያየሁትን ነገርኳት። በዚያው ሳምንት አንዲት ልጅ ስልኳ እስኪሠራ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲዝናና እኔ ብቻ ነኝ እቤት የቀረሁት ብላ አልቅሳብኝ ነበር። እኔ በርበሬው መስሎኝ ውኃ አቀረብኩላት። ስልኳን ተቀብላ ስትወጣ እዚያው በር ላይ ቆመች፤ እንባዋን ጠራርጋ፣ ጥርሷ በሙሉ እስኪታይ ስቃ ራሷን ፎቶ አነሣች። ቤቲ ይህን ስነግራት "ተረትህን ተወኝ ጋሼ" አለችኝ። አልፈርድባትም። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ኖሬ በአንድ ቀን እመኑኝ ማለት አልችልም።

ዘንድሮ ለመስቀል አብሮ አደጎቿ ከአዲስ አበባ ገቡ። ከተማው በአዲስ ጫማ ተሞላ። አራት ሆነው እኛም ቤት መጡ። አቅፈው ሳሟት፤ "ቤቲዬ፣ ጠፋሽ እኮ!" አሏት። ከዚህ ሰፈር ንቅንቅ ያላለችውን ልጅ፣ ጠፋሽ! ከዚያ ጓሮ እንሰቱ ሥር ለፎቶ ተደረደሩና ስልኩን ለእሷ ሰጧት። ክፉ ልጆች አይደሉም እታለም፤ ቅርብ የቆመችው እሷ ስለሆነች ነው። ጥሩ አድርጋ አነሣቻቸው። ፎቶው ተለጥፎ እኔም አየሁት። እንሰቱ አለ። ገመድ ላይ የተሰጣው ካልሲዬ አለ። ቤቲ የለችም።

ያን ጊዜ አመሌ ተነሣብኝ። ለስልክ መስታወት እፈልጋለሁ፣ ዓይኔ ደክሟልና አብረሽኝ ሂጂ ብዬ ዋሽቼ በሚኒባስ ቡኢ ከተማ ወሰድኳት። የወሰድኳት ወደ አዳብና ነው። ያ ከመስቀል በኋላ ወጣቱ ገበያ ሜዳ ላይ የሚጨፍርበት፣ ወንዱ ሎሚና ከረሜላ ይዞ ሴት የሚያይበት ቀን እንደ እኛ ጊዜ መስሎኝ። አንቺ በሃያ ሁለት ዓመትሽ አልነበር የሄድሽው? ልጅቷ ከሰው ትቀላቀላለች፣ አንድ ሁለት እኩያ ታገኛለች ብዬ አሰብኩ።

ሜዳው ላይ ያሉት ግን አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመት ያላለፋቸው ናቸው። ቤቲ ዳር ቆማ በእግሯ ትንሽ ስትመታ አየሁና ደስ አለኝ። ወዲያው አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ መጣና "እትዬ፣ ትንሽ ዞር በይልን፣ ቪዲዮ እየቀረጽን ነው" አላት። እትዬ! ልጅሽን እትዬ አላት! ጓደኛው ደግሞ አዘነልኝ መሰለኝ "እንኳን አደረሰህ ፋዘር" ብሎ ከረሜላ አስጨበጠኝ። ከሁለታችን ከረሜላ ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ስንመለስ ብዙ መንገድ መስኮት መስኮቱን ስታይ ቆየች። ከዚያ "ማኅበር ላይ ሕፃን ነኝ። እዚህ ደግሞ እትዬ ነኝ። እኩዮቼ የት ናቸው ጋሼ?" አለችኝ። ከረሜላውን ሰጠኋት።

እዚያው መንገድ ላይ ነው አንቺ የመጣሽብኝ። ያ ዓመት ትዝ ይልሻል? እኩዮችሽ ሁሉ ለንግድም ለባልም ብለው አዲስ አበባ ገብተው ለመስቀል ብቻ የመጡበት ዓመት። አዳብና ላይ ቀኑን ሙሉ ጨፈርሽ። ሴቶቹ ዳር ቆመው "እንደ አስካለ ባደረገኝ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በአንቺ እህትነት ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ወደ ቤት ስንመለስ ግን መንገድ ዳር ሣሩ ላይ ቁጭ አልሽ። ጫማሽን አውልቀሽ ጭንሽ ላይ አስቀመጥሽና ተንሰቅስቀሽ አለቀስሽ። ምን ሆንሽ ስልሽ፣ "ነገ ሁሉም ይሄዳሉ" ብቻ ነው ያልሽኝ።

እኔ ደግሞ ጫማው ጠቦሽ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቤት ገብቼ ለእናታችን፣ ለጎረቤት፣ ለዘመድ ሁሉ አስካለን አዲስ ጫማ አስለቀሳት ብዬ አወራሁ። በሠርግሽ ቀን እንኳ ተነሥቼ ያንኑ ተናገርኩ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ፤ አንቺም ሳቅሽ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድም ቀን አላረምሽኝም። ጫማው እንዳልነበር የገባኝ ዘንድሮ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከልጅሽ ጎን ተቀምጬ ነው።

እንዴት አለፍሽው እታለም? ሁሉም ሄደው ስትቀሪ፣ በማግስቱ በርበሬሽን ይዘሽ ገበያ ስትወጪ ለራስሽ ምን አልሽው? አንድ ቀን ጠይቄሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለልጅሽ የምነግራት ቃል ይኖረኝ ነበር። እኔ ግን እየሳቅሁ ነበርና አልጠየቅኩሽም። አሁን በርበሬ ስመዝን፣ የሰው ስልክ ስፈታ፣ መንገድ ስሄድ እጠይቅሻለሁ።

ጉዳዩ አስቸኳይ ሆኗል። ለመስቀል ከመጡት ልጆች ሁለቱ አዲስ አበባ ቤት ተከራይተዋል፤ ለሦስተኛ ሰው ቦታ አለ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስሽን ንገሪን ብለዋታል። ባለፈው እሑድ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመችና "ልሂድ ወይስ ልቅር?" አለችኝ። ምን ብዬ መለስኩላት ትያለሽ? "ሂጂ፣ እኔ በአንቺ ቦታ ማኅበር እገባለሁ፤ ነጠላሽን ብቻ ተዪልኝ" አልኳት። ፈገግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። የምሯን ጠይቃኝ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ጫማው ጠቧት ነው አልኩ።

የልቤን ለአንቺ ልንገርሽ። ሥራዋን፣ ኑሮዋን ፈልጋ ከሆነ የምትሄደው ሻንጣዋን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ እሸኛታለሁ። እዚያ ፎቶ ውስጥ ለመግባት ብላ ከሆነ ግን፣ እዚያም ሄዳ ስልኩን እንዳያስይዟት እፈራለሁ። ሌላም አለ፤ ይህን ለማንም አልነገርኩም። እሷ ከሄደች እኔም ብቻዬን ነኝ። ዳማ የምንጫወተው አራት ነበርን። ሁለት ቀረን። የቀረው ጓደኛዬም ዓይኑ ደክሞ የእኔን ጠጠር የራሱ እየመሰለው ያንቀሳቅሳል፤ እኔም ዝም እላለሁ፤ እያሸነፈኝ ነው። ለካ እኩያዬ አንቺ ነበርሽ። እህቴ ነሽ እያልኩ ልብ አላልኩም።

ነገ ማርያም ናት፤ ተራው የቤታችን ነው። ቤቲ ጎሕ ሳይቀድ ነው የተነሣችው። ጠላው ተጣርቷል፣ ድፎው ተጋግሯል፣ ወንበር ከጎረቤታችን ከእነ ዘይነባ ቤት ተውሰናል። አሁን ከጓዳ ስታንጎራጉር ይሰማኛል። ድምፅዋ ያንቺ ነው፤ ዜማውን በማበላሸት ግን ገና አልደረሰችብሽም።

ነገ ጽዋው ሲዞር ስምሽ ይጠራል። እኔም በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም። ሰው ሲሞት እንደሚደረገው ክንፍ አብቅዬልሽም አይደለም፤ እንደነበርሽ ነው የማስታውስሽ። ቁጡነትሽን፣ ሚዛን ላይ ጣትሽን አስደግፈሽ ለገዢ የምትጨምሪያትን በርበሬ፣ ስትስቂ አፍሽን በነጠላሽ ጫፍ መያዝሽን። ያን መንገድ ዳር የተቀመጥሽበትን ቀን ደግሞ አርሜ ነው የማስታውሰው። ለልጅሽም አንድ ቀን እውነቱን

ቆይ፣ በር እየተንኳኳ ነው።

ተመለስኩ። እየቸኮልኩ ነው የምጽፍልሽ። በሩን ስከፍት አይቻት የማላውቅ ልጅ ቆማለች። ዕድሜዋ ቢበዛ ሃያ አራት ነው። ነጠላዋን እንደ ትልቅ ሴት አጣፍታ፣ በዘንቢል ዳቦ ይዛ፣ ጫማዋ ጭቃ ነክቶት እየተሳቀቀች። "እናቴ ማኅበርተኛ ናት፤ ጉልበቷ እምቢ ስላላት እኔ ተተክቼ ነው። ከወልቂጤ ከመጣሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው፣ ሰው አላውቅም" አለችኝ። አከታትላም "ዛሬ ሃያ አንድ ነው አይደል? ዘገየሁ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ስልኳ የሚያሳያትን የፈረንጅ ቀን ወደ እኛ ስትመልስ በአንድ ቀን ስታዋለች።

ሃያ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። አመሌ ያዘኝና ዘጋሁት።

ቤቲ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። ልጅቷን አየች። ነጠላዋን አየች፣ ዘንቢሉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ልጅሽ እንደኔ አይደለችም፤ እውነቱን ትነግራታለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ኧረ አልዘገየሽም፣ ግቢ" አለቻት። "ገና ማንም አልመጣም።"