ፉርሽካው ምንም የለበትም አሉ

ጥቅምት 3
ለመላው ዓለም ሕዝብ በከባድ ሐዘን የሚነገር ዜና... ባዝራችን ሳል ያዛት። አዲሱ የፉርሽካ ጆንያ ከተከፈተ ወዲህ፣ በበላች ቁጥር። አባባ ጋሪውን ሳይጠምድ ቀረ።
«አርጅታለች መሰለኝ» አለ።
«እሷ በስምንት ዓመቷ ካረጀች፣ አንተ በሃምሳህ ምን ልትባል ነው?»
ጫማውን አወለቀ። ሳይወረውረው አመለጥኩ።

ጥቅምት 5
መኖ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። የተማረው ሚዛን ማንበብ ብቻ ነው፣ እሱንም ወደ ራሱ አዘንብሎ።
«ፉርሽካው ምንም የለበትም» አለ። «ሰው ቢበላው እንኳ አይጎዳም። የተረጋገጠ ነው።»
«ማን አረጋገጠው?»
«ሠላሳ ዓመት ሸጫለሁ።»
«የበሉት ፈረሶችስ ምን አሉ?»
«ስድስተኛ ክፍል ሳትጨርሺ ልትመራመሪ ነው?»
ሰባተኛን ነው ያልጨረስኩት። ይታረም።
ደግሞ ምክር ጨመረ... «ባዝራዋን ሽጧት፣ የእህቴ ባል ይገዛታል።» አሃ።

ጥቅምት 6
አባባ ሊሸጣት ነው። ገዢው እሁድ ይመጣል። ምሳ አልበላሁም። የበላሁ አስመስዬ ሳህኑን አጠብኩ።

ጥቅምት 7
የዶክተር ሱቅ በደንበኛ ተሞልቷል። ድምፄን ከፍ አደረግኩ።
«ዶክተር፣ ፉርሽካው ሰውንም አይጎዳም ብለዋል አይደል?»
«ብያለሁ።»
«እንግዲያው እንደ ባዝራችን አፍንጫዎን ጆንያው ውስጥ ከተው አንዴ ይተንፍሱልን።»
ሰው እያየው እንዴት እምቢ ይበል? ጎንበስ አለ። ጆንያውን በጉልበቴ ነካ አደረግኩት... ትንሽ ነው።
ሳለ፣ አነጠሰ፣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ወጣ።
«አይዞዎት፣ እርጅና ነው። ገዢ እፈልግልዎታለሁ።»
ከዚያ ለሰፈሩ ሁሉ ዞሬ ነገርኩ፦ ፉርሽካው መርዝ ነው።

ጥቅምት 8
አባባን ለምኜ የእንስሳት ሐኪሟን አስጠራሁ። የባዝራዋን ደረት አዳመጠች፣ ፉርሽካውን በመዳፏ አሸች፣ አሸተተች።
«አልሻገተም፣ መርዝም የለውም። የሚያስላት ብናኙ ነው። ስትሰጫት ውሃ አርከፍክፊበት።»
«በቃ?»
«በቃ።»
መርዝ ነው ብዬ የዞርኩበት ቤት ስንት ነበር? አሥራ አንድ... ዶክተርም አላዋቂ፣ እኔም አላዋቂ። ልዩነታችን እሱ ሱቅ ያለው መሆኑ ነው።

ጥቅምት 15
ሳምንት ሙሉ አልሳለችም። እሁድ ገዢው መጥቶ ነበር፣ አባባ «አትሸጥም» ብሎ ሸኘው። ዛሬ ጋሪውን ጠምዶ ወጣ።
ዶክተር የሐኪሟ ምክር ደርሶት በሩ ላይ ወረቀት ለጥፏል፦ «ፉርሽካ አርጥበው ይመግቡ። ምክር በነጻ።» ሲያዩት መላውን ያገኘው እሱ ነው የሚመስለው። አልቀደድኩትም... እስካሁን።
ለራሴ ብቻ ልጻፈው እንጂ ነገሩ ይሄን ያህል አልነበረም። አንድ ጣሳ ውሃ ነው የጎደለው።