ባለቤቴ ከሐዲዱ ማዶ ስለ መቅረቷ

ለተከበሩ የከተማ ባቡር ጣቢያዎች የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት እርስዎና መላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የጉልበት ጤና እንዲኖራችሁ ከልብ እመኛለሁ። በእርስዎ ዘመን ጉልበት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እኛ የቂርቆስ ሰዎች ተምረናል።

ካሕሳይ ወልደአረጋይ እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ማንበብን በራሴ ስለተማርኩ ግን የተለጠፈ ማስታወቂያ ሳላነብ አላልፍም። ቤቴ ከኋላ በሕንፃ ግንባታ የቆርቆሮ አጥር፣ ከፊት በባቡርዎ አጥር ተይዟል። መውጫችን ከሐዲዱ በላይ የሚያሻግረው የጣቢያው ደረጃ ብቻ ነው። ሌባ እንዳይገባብን ስላደረጉልን ጥበቃ አመሰግናለሁ፤ እኛም መውጣት እንደተሳነን ቢያውቁት ግን መልካም ነው። አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. የጣቢያው ሊፍት ሪባን ከተቆረጠበት ቀን ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። በተቆለፈው በር ላይ «ሕመምተኞችና አረጋውያን በሊፍት ብቻ ይጠቀሙ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። አንድም የፊደል ስህተት የለበትም፤ ለዚህ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2. የባለቤቴ የወይዘሮ ብርኽቲ ጉልበት አልታዘዝ ካለ ቆይቷል። ከሐዲዱ ማዶ የምትኖረው ወይዘሮ አዚዛ ልጆቿን እየተቀበለች አብራት ያሳደገች ጎረቤቷ ናት። አዚዛ በጠና ታማ «ብርኽቲን አምጡልኝ» ብላ ላከች። በወንበር ተሸክመን ደረጃው ሥር ብናደርሳት፣ ጥበቃው ዲሪባ ጽሑፉን አሳየን። «አባባ፣ እኔ ምን ላድርግ? በሊፍት ብቻ ይላል እኮ!» አለኝ። ሊፍቱን ክፈተው ስለው፣ ቁልፉ ያለው እርስዎ ዘንድ መሆኑን በአክብሮት ነገረኝ። እያለቀሰች ወደ ቤት መለስናት።

3. የዕድራችን ሰዎች መከሩ። ለቀብር የሚያልፍ ቃሬዛን ማንም ጥበቃ ከልክሎ አያውቅም። ስለዚህ ብርኽቲን በዕድሩ ቃሬዛ ላይ አስተኝተን፣ ነጭ ኩታ ከላይ እስከ ታች አልብሰን ተነሣን። ይህ በእኛ ዘንድ ሟርት መሆኑን አይስቱትም። ጎረቤታችን ወርቄ «ኧረ በቁሟ አትቅበሯት!» እያለች ጮኸች፤ ጩኸቷ ለቅሶ መስሎ ጠቀመን። ዲሪባ ባርኔጣውን አውልቆ ፊት ፊት እየሄደ መንገድ አስለቀቀልን፤ ተሳፋሪውም በሐዘን ቆመ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስንደርስ ግን ባለቤቴ የምታውቀውን ሰው ሳትጠይቅ ማለፍ ስለማይሆንላት፣ ከኩታው ውስጥ ቀና ብላ «ዲሪባ፣ እናትህን ተሻላቸው?» አለችው። ልጁ ባርኔጣውን ጥሎ ሮጠ።

4. አዚዛ ጓደኛዋን ስታይ ምግብ ቀመሰች። ለዚህ የማመሰግነው ዕድሩን ነው። ብርኽቲን ልንመልሳት ስንመጣ ግን የጣቢያው አለቃ ወጥተው «የቀብር ቃሬዛ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው» ብለው ከለከሉን። ከዚያ ወዲህ ጥበቃዎችዎ ቃሬዛ ሁሉ ይመረምራሉ። የዕድራችን አባል አቶ ኃይለገብርኤል ያረፉ ጊዜ ፊታቸውን ገልጠው ደጋግመው በስማቸው ጠሯቸው። መቼም አቶ ኃይለገብርኤል በሕይወት ሳሉም የመንግሥት ሰው ሲጠራቸው አይመልሱም ነበር።

እኔ ቀን ቀን ደረጃውን እየተንፏቀቅሁ ወጥቼ ባለቤቴን አዚዛ ቤት እንደ እንግዳ እጠይቃታለሁ፤ ሲመሽም ተሰናብቻት ብቻዬን እመለሳለሁ። «ካሕሳይ፣ ቤቴ የምትወስደኝ መቼ ነው?» ትለኛለች። «ኃላፊው ቁልፉን ያስቀመጡበት ሲታወሳቸው» እላታለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ወደፊት ሌሎች ብዙ ጣቢያዎች እንደሚሠሩ በሬዲዮ ሰምቼ ተደስቻለሁ። እኔ አዲስ ጣቢያ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት አንድ ቁልፍ ነው። ጥበቃዎን ስላታለልኩ ደግሞ ይቅርታ አልጠይቅም፤ መንገዱ ከተገኘ ነገም አደርገዋለሁ።

በሁለት አጥሮች መካከል በእርስዎ መልካም ፈቃድ ተጠብቄ የምኖር፣
አክባሪዎ
ካሕሳይ ወልደአረጋይ
ቂርቆስ፣ ግንቦት 2009 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ካዛንቺስ ቢሮዎ ድረስ ያመጣሁት ራሴ ነኝ። የሕንፃዎ ሊፍት ያለ አንዳች ችግር ስምንተኛ ፎቅ አወጣኝ፤ መልሶም አወረደኝ። በተለይ ስለ መመለሱ አመሰግናለሁ።