ዘጠኝ ልጆች የመረጡት ክፍል

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም

ለጨፌ ማዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እውነት በመናገሬ የታገደብኝ የቤተ መጻሕፍት ሥራ እንዲመለስልኝ፣ እንዲሁም በዕጣ ሊበተኑ ስላሉ ዘጠኝ ተማሪዎች

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች መህዲ እንድሪስ የሮቢት ነዋሪ ነኝ። በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ከያዝኩ አራት ዓመት ሞላኝ። በአሁኑ ሰዓት በሮቢት የታክሲ ተራ አስከባሪ ሆኜ አገለግላለሁ፤ ይኸውም «ቆቦ! ቆቦ! አንድ ሰው የቀረው!» እያልኩ መጮህ ነው። አንድ ሰው ብቻ የቀረው ሚኒባስ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። በሥራዬ የምዋሸው ይህችን ብቻ ስለሆነ ከወዲሁ አምኜ ልግባ።

2. በሚያዝያ ወር ትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ለመቅጠር ባወጣው ማስታወቂያ ተወዳድሬ አንደኛ ወጣሁ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ይርጋ እንኳን ደስ አለህ ካሉኝ በኋላ፣ «ሥራ የምትጀምረው ከሰኔ ወዲያ ነው። እስከዚያው የአሥረኛ ክፍል ልጆች ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ ሊመርጡ ስለሆነ፣ ጋውንህን ለብሰህ ናና ምከራቸው» አሉኝ። ጋውኑ የኪራይ ነበር፤ እኛ ቤት ያለው ፎቶው ብቻ ነው። ስለዚህ በተራ አስከባሪ ሰደርያዬ መጣሁ። ለዚህ ጉድለት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

3. ባዶ እጄን ግን አልመጣሁም። የተመረቀ ሰው ሁሉ የሥራ ማስታወቂያ ለማንበብ ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ ሲሄድ በእኔ ተራ ያልፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ታክሲው እስኪሞላ ድረስ፣ ምን ተማርክ፣ ሥራ ለማግኘት ስንት ጊዜ ፈጀብህ፣ አሁንስ ምን ይከፈልሃል እያልኩ የስድሳ አንድ ሰው መረጃ በደብተር ይዣለሁ። ደመወዝ ላይ ሰው እንደሚዋሽ አውቃለሁ። ልጁ ብድር እንዳይጠየቅ ፈርቶ ያሳንሳል፤ እናቱ ልትድረው አስባ ታበዛለች። ስለዚህ ሁለቱንም እየጠየቅሁ መሐሉን ወሰድኩ። ምስክርን ከምስክር ማስተያየት ያስተማረኝ የታሪክ ትምህርት ክፍል ነውና ምስጋናው ለእነሱ ይድረስ።

4. በጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው። ጤና የተማሩት ከሁሉ ቀድመው ሥራ ይዘዋል፤ አካውንቲንግ የተማሩት ይከተላሉ። ምህንድስና የተማሩት ወይ ከሌላው ምሩቅ ሁሉ የበለጠ ይከፈላቸዋል፣ ወይ እንደ ሰመረ ናቸው። አብሮ አደጌ ሰመረ ድልድይ መሥራት ተምሮ ጎብዬ ላይ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል። ታሪክ፣ ሶሲዮሎጂና የመሳሰለውን የተማርን ከታች ነን። ሥራ ለማግኘት በአማካይ ሦስት ዓመት ፈጅቶብናል፤ አማካዩን ያበላሸሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ከሁሉም በላይ ገቢ ያለው ግን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠው የውሃ ሞተር ጠጋኙ ኸይረዲን ነው። በአካባቢው ያለ የሽንኩርት ማሳ ውሃ የሚጠጣው ኸይረዲን ሲፈቅድ ነው። ልጆቹ ይህን ሰምተው ደብተር ጥለው እንዳይሮጡ፣ ኸይረዲን የመጀመሪያ ገቢውን ያዋለው እኅቱን ነርስ ለማድረግ መሆኑንም ጨምሬ ተናግሬአለሁ።

5. በሳምንቱ ተማሪዎቹ ቅጽ ሞሉ። በዕቅዱ መሠረት ከመቶው አርባው ማኅበራዊ ሳይንስ መግባት ነበረበት። ከሁለት መቶ አራት ተማሪ ማኅበራዊ የሞላው ዘጠኝ ሆነ። ወዲያው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ተማሪዎችን ተስፋ በማስቆረጥና ዕቅድ በማዛባት» ቅጥሬ መታገዱን፣ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ቆሜ ንግግሬን ካላስተባበልኩም እንደሚሰረዝ ይገልጻል። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር የሚባለው ለካ በእኔ ላይ ኖሯል።

6. ክቡር ሆይ፣ ለማስተባበል ፈቃደኛ ነኝ። ሰመረ ድልድይ የሠራ ዕለት ስለ ሰመረ የተናገርኩትን አስተባብላለሁ። ስለ እኔ የተናገርኩትን ማስተባበል የሚችለው ግን ይህ ትምህርት ቤት ራሱ ነው። ቢቀጥረኝ፣ የታሪክ ምሩቅ ሥራ አጥቶ ይከርማል ያልኩት በእኔ ይሽራል፤ በማግስቱ በደስታ በሰንደቁ ሥር እቆማለሁ። አሁን የተያዘው የተገላቢጦሽ ነው። ዋሽተሃል እየተባልኩ፣ የተናገርኩት እውነት ሆኖ እንዲቀር እየተደረገ ነው።

7. በተጨማሪም ልጆቹን የመከርኩበት ዕለት ቃለ ጉባኤ አንድ ነገር ዘሏል። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አውጥታ፣ «አንተ እንደገና ብትመርጥ ምን ትመርጣለህ?» ብላ ጠየቀች። «ታሪክ» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ አቶ ይርጋም ስቀዋል። አልፈርድባቸውም፣ ያ ሁሉ ቁጥር ከጀርባዬ ተጽፎ ነበር። እኔ ግን አልቀለድኩም። በተማርኩባቸው ዓመታት ጠዋት ስነሳ ክፍል መግባት ያጓጓኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለምንም ነገር እንደዚያ ጓጉቼ አላውቅም። ይህንንም ለልጆቹ ነግሬአቸዋለሁ። ደመወዝ ስላልሆነ በደብተሬ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

8. ያቺ ልጅ እኅቴ ኢቅራ ናት። ቅጹን እቤት ስትሞላ በእጇ ሸፍናው ነበር። ከዘጠኙ አንዷ መሆኗን ያወቅነው ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው። እናቴ መይሙና «ያ ረቢ! የሰውን ልጅ ሁሉ ስታስጠነቅቅ የራስህን እኅት ረሳሃት?» ብላ ተቆጣችኝ። እኔም ተናድጄ ኢቅራን «ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አላየሽም?» ብላት፣ «አይቻለሁ። አንተም እያየኸው አይደል ታሪክ ያልከው?» አለችኝ።

9. ይህ እንዳለ፣ ዘጠኝ ተማሪ ለአንድ ክፍል ስለማይበቃ በዕጣ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ክፍሎች ይደለደላሉ የሚል ማስታወቂያ ትናንት ወጥቷል። የተፈጥሮ ሳይንሱ ቤተ ሙከራ ቁልፉ ከጠፋ ሁለት ዓመት ስለሆነው፣ እዚያ ቢጨመሩ ተሰልፈው የሚያጠኑት በሩን ነው። ደግሞም እነዚህ ልጆች ሰሌዳውን አንብበው፣ ሳቁንም ሰምተው የመረጡ ናቸው። የሚገቡበትን አውቆ የገባ ሰው በዕጣ አይመለስም።

ስለዚህ፦

ሀ. በውድድር ያገኘሁት የቤተ መጻሕፍት ሥራ እንዲመለስልኝ፤

ለ. የኢቅራ ጥያቄና የእኔ መልስ በቃለ ጉባኤው እንዲገቡ፣ ሳቁም ቢሆን አይቅር፤

ሐ. ለዘጠኙ ተማሪዎች ክፍል እንዲከፈት፣ ክፍል ከጠፋም ቤተ መጻሕፍቱ ዘጠኝ ወንበር እንደማያጣ ታስቦ እንዲፈቀድላቸው በአክብሮት አመለክታለሁ።

«ሀ»ን እና «ሐ»ን አንድ ላይ መፍቀድ የሚከብድ ከሆነ፣ የእኔ ይቅርና የልጆቹ ይከፈት። ያኔ በሰንደቁ ሥር ቆሜ፣ ስለ ጤናውም ስለ ምህንድስናውም ስለ ኸይረዲንም የተናገርኩትን ሁሉ ውሸት ነው እላለሁ። ቀኑን ሙሉ «አንድ ሰው የቀረው» ሲል የሚውል አፍ ይህ አያቅተውም። ለኢቅራ የመለስኩላትን ግን አላስተባብልም።

መልሱን ወደ ሮቢት ለሚመጣ ለማንኛውም ባጃጅ ቢሰጡት ይደርሰኛል፤ ሁሉም ያውቁኛል።

ከሰላምታ ጋር

መህዲ እንድሪስ
(ፊርማ)

ግልባጭ
ለተማሪ ኢቅራ እንድሪስ፣ 10ኛ «ሐ»
ሥራው ይቅር ማለቴን ስላልነገርኳት ለእናቴ ግልባጭ አይደረግ