የወይዘሮ አመተማርያም አስረስ ሕይወትና የጠቆረው የእንዶድ ዱቄት

ወይዘሮ አመተማርያም አስረስ ከአባታቸው ከመሪጌታ አስረስ ተገኘና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለሚቱ በላይ፣ በጉና ተራራ ሥር፣ ከገሳይ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር የካቲት 16 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ ኪዳነ ምሕረት ስለነበረ አባታቸው ስም ለማውጣት ብዙ አልተጨነቁም። ከሰባት ልጆች ሁለተኛዋ ነበሩ፤ ከሰባቱ ዛሬ በሕይወት የቀረችው የመጨረሻዋ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው እህታቸው ሠናይት ብቻ ናት።

ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው በአሥር ዓመታቸው ወደ ደብረ ታቦር መጡ። አክስታቸው ቤት ተቀምጠውም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ስምንተኛን እንደጨረሱ እናታቸው በመታመማቸው ትምህርቱ በዚያው ቀረ። በዚህ ሲቆጩ ኖረዋል፤ ሌላውን ሰው ግን ወቅሰውበት አያውቁም።

በ1970 ዓ.ም. በአንድ ጤና ተቋም የልብስ ንጽሕና ክፍል ተቀጥረው ሠላሳ ሁለት ዓመት አገለገሉ። አንሶላ ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነጥብ ከቀረች መልሰው ይዘፈዝፉት ነበር። በቤታቸውም እንደዚያው ነበሩ። አብሯቸው ለመኖር ቀላል ሰው ነበሩ ብንል ራሳቸው ይታዘቡናል።

በ1973 ዓ.ም. ከመምህር አያሌው ፈንቴ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ልጃቸውን ዮሴፍንና ልጃቸውን ቤዛዊትን አፈሩ። መምህር አያሌው በ1994 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

በ2002 ዓ.ም. ወገባቸው አልታዘዝ ስላላቸው ሥራ ለቀቁ። ማረፍ ግን አልሆነላቸውም። በማግሥቱ ዓመት፣ በልብስ እጥበቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረዋቸው የሠሩትን የአንበሳሜዋን ወይዘሮ እመቤትንና ሌሎች ሦስት ሴቶችን ይዘው የእንዶድ ዱቄት ማኅበር አቋቋሙ። የእንዶዱ ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፤ በጥላ ይደርቃል፤ ለእህል በማያገለግል የራሳቸው ወፍጮ ይፈጫል። ሲፈጭ የሚያስነጥሰው ነገር አይጣል ነበርና አምስቱም በነጠላ ተሸፋፍነው እያስነጠሱ ይውሉ ነበር። ዱቄቱን የከተማው ሰው ለነጭ ልብስ፣ የባሕር ዳር ሳሙና ሠሪዎችም ለሥራቸው ይወስዱት ነበር።

ችግሩ የመጣው በክረምት ነው። በግንቦት ፈዛዛ አረንጓዴ ሆኖ የታሸገው ዱቄት በሐምሌ ሲከፈት ጓጉሎ፣ እንደ ተልባ ጠቁሮ ይገኝ ጀመር። በ2006 ዓ.ም. ለደብረ ታቦር በዓል የመዘምራኑ ነጭ ልብስ በዚሁ ዱቄት ታጥቦ ቢጫ ሆነ። በዓሉ በቢጫ ልብስ ተከበረ፤ ያዩት ሁሉ ያስታውሱታል።

ወይዘሮ አመተማርያም በዚያ ሳምንት ማኅበሩን ሰበሰቡ። ጎረቤትም ነበረ፣ ደንበኛም ነበረ። ፍሬ ለቃሚዋ ወይዘሮ እመቤት ነበሩና፣ “የበሰለ ቀይ ፍሬ ቀላቅለሽ አዋረድሽን” ብለው በሰው ፊት ከማኅበሩ አስወጧቸው። ወይዘሮ እመቤት ቀይ ፍሬ እንዳልነኩ ምለው ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አንበሳሜ ተመለሱ።

በሚቀጥለው ክረምትም ዱቄቱ ጠቆረ። ወይዘሮ አመተማርያም ፍሬውን በገዛ እጃቸው አንድ በአንድ እየለዩ ለቀሙ፤ ጠቆረ። የወፍጮውን ድንጋይ አስለወጡ፤ ጠቆረ። ዱቄቱ ያለበትን ማዳበሪያ ከመሬት አንሥተው ቆጥ ላይ ሰቀሉ፤ ጠቆረ። አራት ክረምት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀንም ቢሆን ታዲያ እመቤት ምን አጠፋች ያለ ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ ይህን የምትጽፈው እህታቸውም አላለችም።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. ዱቄቱ ተፈጭቶ ገና ሳይታሸግ ሌላዋ አክስታቸው ገሳይ ላይ አረፉ ተባለ። ዱቄቱን በንጹሕ አቡጀዲ ሸፍነው ለቅሶ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ቀዝቅዞ ያገኙትን ዱቄት አሸጉት። ያ ዱቄት በጳጉሜን ሲከፈት መልኩ በግንቦት የነበረው ነው። ወይዘሮ አመተማርያም እፍኝ ዘግነው በር ላይ ወጥተው በብርሃን አዩትና እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጡ። እህታቸው ምን ሆንሽ ብትላቸው፣ “እመቤት ነግራኝ ነበር” አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉና ሥር ያደጉ በመሆናቸው ብርድን እንደ ሌባ ነበር የሚጠብቁት። ዱቄቱ ብርድና እርጥበት እንዳያገኘው ብለው ከወፍጮ እንደወጣ፣ በትኩሱ፣ ላስቲክ በገባበት ማዳበሪያ እያስጠቀጠቁ አፉን ጠፍረው ያሳስሩ ነበር። ትኩሱ ዱቄት ላስቲኩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ያልበዋል፤ ላቡ መልሶ ዱቄቱን ያርሰዋል፤ ክረምቱን ሙሉ በገዛ እርጥበቱ ታሽጎ ይጠቁራል። ወይዘሮ እመቤት ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ “እትዬ፣ ገና ትኩስ ነው እኮ፣ ትንሽ ቢተነፍስስ?” ብለው ነበር። መልሱ “አንቺ ልቅሚያሽን አሳምሪ” ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዱቄቱ ሳይቀዘቅዝ ታሽጎ አያውቅም፣ ጠቁሮም አያውቅም። ማኅበሩም ስሙ ታደሰ። ወደ አንበሳሜ መሄድ ግን ቀረ። መጀመሪያ ለመስቀል እሄዳለሁ አሉ፤ ከዚያ ለፋሲካ። ከዚያ መንገዱ የሚያስኬድ አልሆነም። ከዚያ ደግሞ ልባቸው ደከመ። እውነቱን እንናገር ከተባለ አፍረው ነው የቀሩት።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ሕመም ተይዘው ሲታከሙ ቆዩ። እግራቸው ያብጣል፤ ጋደም ማለት ስለማይችሉ ተቀምጠው ነበር የሚያድሩት። መድኃኒቱ አንድ ሰሞን ይገኛል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። ልጆቻቸው ያላንኳኩት በር የለም። አስታማሚም ታማሚም ደክሞን ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ወይዘሮ እመቤት መታመማቸውን ሰምተው ከአንበሳሜ ሊጠይቋቸው መጡ። ወይዘሮ አመተማርያም እጃቸውን ይዘው ይቅርታ ለመኑ። ወይዘሮ እመቤትም እንዲህ አሉ፦ “እኔስ ይቅር ብያለሁ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። አንበሳሜ ገበያ ግን ዛሬም ቀይ ፍሬ ቀላቃይዋ ነው የምባለው። እሱን ማን ይመልስልኛል?”

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አመተማርያም እንቅልፍም ምግብም እንቢ አላቸው። በሦስተኛው ቀን እህታቸውን ጠርተው የሕይወት ታሪካቸውን በቁማቸው አስጻፉ። እህታቸው ከዚህ ስትደርስ “በመካከላቸው አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር” ብላ ጽፋ ስታነብላቸው ተቆጡ። “አለመግባባት ምን ያደርጋል? ስሟን አጠፋሁ ብለሽ ጻፊ። በሰው ፊት ነው ያዋረድኋት፣ በሰው ፊት ይነበብ” አሉ። ሦስት ጊዜ አስነበቧት፤ በሦስተኛው ይሁን አሉ።

ወይዘሮ አመተማርያም አስረስ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ልጆቻቸው ባሉበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። የአባቶቻችን አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸው፣ ለእህታቸውና ለማኅበራቸው ሴቶችም መጽናናትን ይስጥልን።

አስከሬኑ ከመነሣቱ በፊት ድምፅን ከፍ አድርጎ እንዲነበብ ያዘዙት አንድ ቃል ቀርቷል። ወይዘሮ እመቤት እዚሁ ከፊታችን ቆመዋል። ከአንበሳሜ የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ ቅዳሜ ገበያ ስትውሉ ይህንኑ እንድታደርሱላቸው ሟቿ አደራ ብለዋል፦ “እመቤት የለቀመችው ፍሬ አንድም ቀይ አልነበረበትም። ዱቄቱን ያጠቆርሁት እኔ አመተማርያም ነኝ።”