ድምፄን ላሻሻሉልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የተሐድሶ ማዕከላችን የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉሮሮዎ ደኅና ነው? ጉሮሮዎን ለይቼ መጠየቄ አይግረምዎት፤ የራሴን ለሐኪሞች ካስረከብኩ ወዲህ የሰውን ጤና የምጠይቀው ከዚያ ጀምሬ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ዕድሜዬን በአውቶቡስ መናኸሪያ ተሳፋሪ ስጠራ የኖርኩት፣ ሰው ሁሉ «ጡሩምባ» የሚለኝ ሽማግሌ ነኝ። ድምፄን ከወሰደብኝ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና በፊት፣ ማዕከልዎ ባዋሰኝ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ለቤት የሚያስፈልጉኝን ንግግሮች በገዛ ድምፄ ቀርጬ ነበር፦ «መጣሁ»፣ «እዚህ ነኝ»፣ «ደረጃ አለ፣ ቀስ በይ»፣ «ሻዩ ይፋጃል»፣ «እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ በቃ»። ቁልፍ ስጫን ኮምፒውተሩ በእኔ ድምፅ ይናገርልኝ ነበር። ይህ ሁሉ ለባለቤቴ ነው። ዓይኗ ማየት ካቆመ ቆይቷልና ጽፌ ባሳያት አታነብም፣ በእጄ ባመለክታት አታይም። እኔንና እሷን የሚያገናኘን ያ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ነበር» ማለቴን ልብ ይበሉልኝ፤ ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው።

አንደኛ፤ በማዕከሉ ስም የተመዘገበ ኮምፒውተር ሁሉ ወደ አዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ካላደገ ለደኅንነት ያሰጋል ብለው ስላስጠሩን አመሰግናለሁ። የእኔው ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ አያውቅም። ሌባ ገባ ቢባል እንኳ ይዞ የሚሄደው «ሻዩ ይፋጃል» የሚል ድምፅ ነው። ከዚህ ሁሉ አደጋ ስላተረፉን ዕድሜ ይስጥልን።

ሁለተኛ፤ ባለሙያዎ ማሻሻያውን መጫን ሲጀምር ሲስተሙ ራሱ ይህ ማሽን አርጅቷል፣ አይችለውም ብሎ በግልጽ አስጠንቅቆ ነበር። ማሽኑ እንኳ አቅሙን ሲያውቅ፣ አቅሙን የማያውቀው ባለሙያዎ ማስጠንቀቂያውን ዘልሎ ቀጠለ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። አጥፍቶ አበራው፤ አሁንም ቀጥ አለ። በመጨረሻ ዲስኩ መሙላቱ ተገለጠለትና፣ ቦታ ለማስለቀቅ ከሁሉ ትልቁንና ከሁሉ አሮጌውን ፎልደር ማጥፋት ያዘ። አጠገቡ ነበርኩና እጁን ለቀም አደረግኩት። «አይዞዎት አባባ፣ ቆሻሻ ነው የማጠፋው» አለኝ። «ኧረ ድምፄ ነው!» ብዬ እንዳልጮህ፣ የምጮህበትን ነገር እያጠፋው ነበር።

ሦስተኛ፤ ባክአፕ የምትሉት የመጠባበቂያ ቅጂ። እንኳንም እርስዎ አሉልን! ቢሮዎ መጥቼ በወረቀት ጽፌ ስጠይቅዎ፣ ባክአፕ ሳይያዝ ማሻሻያ እንደማይጀመርና ይህም የክፍሉ ጥብቅ ደንብ እንደሆነ አስረድተው አረጋጉኝ። እውነትም ተይዞ ነበር። የተያዘው ግን እዚያው ዲስክ ላይ፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። ትርፉን የቤት ቁልፍ ቤት ውስጥ ቆልፎበት የሚወጣ ሰው በሰፈራችን ሞኝ ይባላል፤ እርስዎ ዘንድ ግን ኃላፊ ይባላል። ይህን ስንደርስበት «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አሉኝ። ውሃውን የደፋው ሰው ራሱ ተረቱን ሲተርተው እንዴት ያምራል!

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ንዴቴ በቁጥር አልያዝ አለኝ። ችግር ካጋጠመ በዚህ ስልክ ይደውሉ ብለው ቁጥር ሰጡኝ። ለእኔ! እኔም እርስዎን ላለማሳዘን ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስትል የቀረኝ ትንፋሽ ብቻ ነውና እሱኑ አሰማኋት። «ባለጌ!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ዕድሜዬን ሁሉ ተከብሬ ስኖር፣ በእርስዎ አማካይነት ሽበቴን ይዤ ባለጌ ለመባል በቃሁ።

እንደምንም የተጫነው አዲሱ ሲስተም የተጻፈ ነገር በተዘጋጀ ድምፅ እንደሚያነብ ነግረውኝ፣ ደስ ያለኝን ድምፅ እንድመርጥም ፈቅደውልኛል። ምን ያልሆኑልኝ አለ! አንዱን ጎረምሳ መርጬ፣ ቤት ገብቼ «እዚህ ነኝ፣ አትፍሪ» ብዬ ጻፍኩና ተጫንኩት። ባለቤቴ ድንገት ሳሎኗ ውስጥ አትፍሪ የሚላትን ጎረምሳ በዱላዋ ተቀበለችው። ጎረምሳው ምንም አልሆነም፤ የእኔ ግንባር ግን አብጧል። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለችና፣ ይህን ሰው አውጡልኝ፣ ባሌን አምጡልኝ እያለች አለቀሰች። ባሏ ፊቷ ቆሞ ነበር።

ባለሙያዎ ስንት ቀን ፈልጎ አንዲት የድምፄ ቅጂ ተርፋ አገኘ። መቅረጫውን ለመሞከር የተናገርኳት ናት፦ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ይሰማል?» መጀመሪያ ባሰማኋት ጊዜ ባለቤቴ «ይሰማል፣ ይሰማል» እያለች ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አልለቀቀችኝም። እኔም ሞኙ፣ የጠፋ ልጄን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። አሁን ሻይ ሲፋጅ እሷኑ እጫናለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ሲሆን እሷኑ፤ ደረጃ ሲኖርም እሷኑ። ትናንት ከደረጃው አፋፍ ላይ ላስጠነቅቃት ብጫን፣ የዘወትሩ ጨዋታችን መስሏት «ይሰማል» ብላ እየሳቀች ረገጠችውና ወደቀች። ዛሬ እግሯ ተጠቅልሎ ተኝታለች። ያኔ እሷ ስትወድቅ እኔ ስሟን መጥራት አልቻልኩም፤ ከዚህ ሌላ ክስ የለኝም።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በእርስዎ ቸርነት አፌ ከዝንብ ነፃ ሆኗል። ይህን ደብዳቤ በሠራተኞችዎ ፊት ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ፤ እኔ አልችልምና።

እጅዎ የነካው ሁሉ የራስዎ ንብረት እንዲሆን በመመኘት፣ ከማይሰማ አክብሮት ጋር፤

የቀድሞው ጡሩምባ

ሳልረሳው፦ ማሻሻያው ገና ቀሪ ሥራ ስላለው ኮምፒውተሩን እንድመልስ የሚል መልእክት ከክፍልዎ ደርሶኛል። አንዲቷ ቅጂ መትረፏ ቅር ብሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን አላመጣውም፤ እርስዎ ራስዎ ቤታችን መጥተው ይውሰዱት። በሩ ክፍት ነው። ባለቤቴ አታይዎትም፤ እኔም እንግዳ መሆንዎን ልነግርልዎ አልችልም። እግሯ ነው እንጂ እጇ ደኅና ነው፤ ዱላዋም ከአጠገቧ አይለይም። እኔ የማደርገው ያቺኑ ቅጂ መጫን ብቻ ነው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።