የአባትህ ትልልቅ ጎማዎች

ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ መንገዱ ለጥ ይበልልህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

አባትህ ምክርህን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ለጂፓችን ትልልቅ የጭቃ ጎማ አስገጠመላት። እኔም ለመሳፈር በርጩማ ይዤ መዞር ሆኗል ሥራዬ! ቅዳሜ እህትህን ልንጠይቅ ስንሄድ ዳገቱ መሃል ቀረን። ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናዋ ግን ወይ ፍንክች! መካኒኩ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የሞተሩን ጉልበት ለእግሯ የሚያደርሰው የዲፈረንሻሉ ጥርስ ካልተቀየረ እኮ ይሄ ጎማ ጉልበቷን ይበላዋል» ሲለው አባትህ ጎማዎቹን ዞሮ ዞሮ አያቸው። አንተም የጻፍክለት ይህንኑ ነበር።

አሁን ጥርሱ ተቀይሮ ዳገቱን እንደ ፍየል ትወጣዋለች። እሱም ለጎረቤቱ ሁሉ «ዘዴውን ራሴ ደረስኩበት» ይላል።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ የኔ ጌታ። አደራህን፣ ስትደውልለት እንዳላወቀ ሰው ሆነህ ስለ ዲፈረንሻሉ ጠይቀው። ከሄድክ ወዲህ እሱ የሚያስተምረው ሰው አጥቷል።

እናትህ